ጥበብ በአንድ ደጃፍ ብቻ አትገባም

መርካቶ ላይ ታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተጎራብተው ቆመዋል። ከእኛ ከተማሪዎች ብዙዎቻችን በአጠገባቸው የምናልፈው ጫማና ሸሚዝ ልንገዛ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖታዊ ጥበብ ስንጠየቅ አክሱምን፣ ላሊበላንና ጎንደርን ጠርተን እናቆማለን። መስጊድ የተነሣ እንደሆነ «እሱማ ከውጭ የመጣ ነው» እንላለን። ይህ መልስ የስንፍና መሸፈኛ ነው።

«አንዋርን ያሠራው ጣልያን ነው» የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ገበያው ራሱ ከአራዳ ተነሥቶ እዚህ የተተከለው በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። የአራዳው ጊዮርጊስስ? ከዓድዋ ድል በኋላ በታነጸው በዚያ ካቴድራል የጣልያናዊው መሐንዲስ የካስታኛ እጅ አለበት። ባዕድ ነው ያለው ማነው? የጸሎትን ቤት የአገር የሚያደርገው የሚጸልይበት ሕዝብ ከሆነ፣ ሚዛኑ ለሁለቱም እኩል ይሁን።

ሌሎች ደግሞ «እስልምና በመስጊድ ሥዕል ስለማያስገባ ጥበብ የለውም» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የግዕዝ ብራና ገልጠው ሐረጉን ይዩ። መስመር ከመስመር እየተጠላለፈ ገጹን ያስጌጠው ያለ ሰው መልክ ነው። የመስቀሎቻችንም ጥልፍልፍ እንዲሁ ነው። ይህን ጥበብ ካልን፣ የሐረር ጸሐፊዎች በቀለም ያስጌጡትን ቁርዓን ምን ልንለው ነው? 82 መስጊዶችን ያቀፈው የሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዓለም ያየውን የኛ ደብተር አላየውም።

ወደ ወሎ ገጠር ብንወጣ ክቡ ቤተ ክርስቲያንና ክቡ መስጊድ ከአንድ ዓይነት እንጨት፣ ጭቃና ሣር ተሠርተው እናገኛለን። አንዱ በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ ይከፈላል፤ ሌላው በሚሕራቡ ወደ መካ ይመለከታል። ሥርዓቱ ይለያያል፤ የአናጢው ዕውቀት ግን አንድ ነው።

ይህ ዕውቀት እየጠፋ ነው። አሮጌውን አፍርሶ በብሎኬት መተካት በሁለቱም ወገን እንደ በረከት ይቆጠራል። ምእመን ሲበዛ ሰፊ ቤት እንደሚያስፈልግ አንክድም። ነገር ግን ሳይለካና ሳይመዘገብ የፈረሰውን ማን መልሶ ያቆመዋል? ጦርነትም አለ፤ የነጋሽ መስጊድ በ2013 ዓ.ም. እንደተጎዳ ሁላችንም ሰምተናል። የተጎዳን ሕንፃ በትክክል ለመጠገን ልኬቱ አስቀድሞ በወረቀት መኖር አለበት።

ስለዚህ የታሪክና የሥነ ሕንፃ ክፍሎች ተማሪውን ሜትርና ወረቀት አስይዘው፣ የሁለቱንም ወገን አባቶች አስፈቅደው ይላኩት፤ ከመርካቶም ይጀምር። መምህራኖቻችንም በፈተናቸው አንድ የመስጊድ ጥያቄ ያስገቡ። ያን ቀን ወረቀታችን ባዶ ቢመለስ፣ ያልተማርነው የገዛ አገራችንን መሆኑን እናውቀዋለን።