የሐኪሙ ግምት ከቤታችን ይጀምራል

በጂንካና በደቡብ ኦሞ አንድ ልጅ በሚጥል በሽታ ሲወድቅ አንዳንዱ ሰው ርኵስ መንፈስ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል፤ ሌላው እንዳይጋባበት ይሸሻል። ዳሩ ግን ይህ የአንጎል ሕመም ነው እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ አይደለም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ተገቢው መድኃኒት ቢሰጣቸው ከ10 ታማሚዎች 7ቱ ያህል መውደቁ ሊቀርላቸው ይችላል። በአገራችን ግን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ላይ አጥንተው በ1990 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንዳሳተሙት፣ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ሕመሙ ሲኖርባቸው መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር።

ሁለት ተስማሚ መድኃኒቶች በሚገባ ተወስደው ሕመሙ አልቆም ሲል ኦፕራሲዮን ይታሰባል። ያን ጊዜ የወላጅ ጥያቄ «ልጄ ይድናል ወይ?» የሚል ነው። በሕንድ አገር በ116 ልጆች ላይ ተደርጎ በ2017 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ኦፕራሲዮን ከተደረጉት 77 በመቶው አንድ ዓመት ሳይወድቁ ሲከርሙ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቈዩት ግን 7 በመቶው ብቻ ናቸው። ሆኖም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በአንድ ወገን አካላቸው የደከመ ልጆችም ነበሩ። ስለዚህ አስቀድሞ በጥንቃቄ መገመት ግድ ነው።

የታመመው ቦታ በአንጎል ፎቶግራፍ በግልጽ ከታየ፣ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራም ወደዚያው ካመለከተና ቦታው በሙሉ ሊወጣ ከቻለ ተስፋው ይበረታል። አወዳደቁም ይመሰክራል፦ ዓይኑ ወዴት ዞረ? የትኛው እጅ ቀድሞ ተንቀጠቀጠ? ይህን የሚያየው ግን ሐኪሙ ሳይሆን እናት፣ መምህርና የክፍል ጓደኛ ነው።

«መድኃኒቱ እንኳ በቅጡ ሳይዳረስ በጂንካ ስለ ኦፕራሲዮን ማውራት ምን ይረባል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ለማስታወሻ የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። በኮንሶና በአርባ ምንጭ አቋርጦ አዲስ አበባ የደረሰ ልጅ ታሪኩ ካልተጻፈ፣ የዓመታት ሕመሙ ለሐኪሙ ጨለማ ነው።

ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቈየበትን ደቂቃና የጀመረበትን ወገን ጻፉ፤ መድኃኒቱንም ያለ ሐኪም ፈቃድ አታቋርጡ። እኛም ጓደኞቹ ሲወድቅ በጎኑ እናስተኛው፤ በአፉ ምንም አንክተት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል እናድርሰው። ከሁሉም በላይ ከትምህርት ቤት እንዳይቀር ወንበሩን እንጠብቅለት።