ቴሎሜርን ማርዘም ወጣትነትን መግዛት አይደለም

የጋቢ ዘርፍ የሚቋጨው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ድርና ማጉ ከጫፍ እንዳይተረተርም ጭምር ነው። በሰው ሕዋስ ውስጥ የሚገኙት 46 ክሮሞዞሞችም ጫፍና ጫፋቸው ላይ እንዲህ ያለ መከላከያ አላቸው፤ ቴሎሜር ይባላል።

ቴሎሜር ስድስት የዲኤንኤ ፊደላት ደጋግመው የሚሰለፉበት ክፍል ነው። ጫፉ ወደ ኋላ ታጥፎ ይሸጎጣል፤ ልዩ ፕሮቲኖችም ይሸፍኑታል። ይህ ሽፋን ባይኖር ሕዋሱ ጫፉን እንደ ተሰበረ ዲኤንኤ በቆጠረው፣ ሊጠግን ብሎም አንዱን ክሮሞዞም ከሌላው ጋር ባጣበቀው ነበር።

ይሁን እንጂ ዲኤንኤን የሚቀዳው ሥርዓት እስከ መጨረሻው ጫፍ ስለማይዘልቅ፣ ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ቴሎሜር ያጥራል። ከመጠን በላይ ሲያጥር ሕዋሱ መከፈሉን ያቆማል። ካሮል ግሬይደርና ኤልዛቤት ብላክበርን እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን ጫፍ መልሶ የሚያረዝመውን ቴሎመሬዝ የተሰኘ ኢንዛይም አገኙ፤ በ2009ም ከጃክ ሾስታክ ጋር የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ገበያው ግን ከግኝቱ ግማሹን ብቻ ነው የወሰደው። ዛሬ «ቴሎሜር ያረዝማል» የተባለ እንክብል፣ «እውነተኛ ዕድሜን ይናገራል» የተባለ ምርመራ ይሸጣል። ያልተነገረው ግማሽ ይህ ነው፦ በአብዛኞቹ የአዋቂ ሰው ሕዋሳት ውስጥ ቴሎመሬዝ የሚተኛው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአሥር ካንሰሮች ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት ይህንኑ ኢንዛይም ቀስቅሰው ያለ ገደብ ይከፈላሉ። ስለዚህ የቴሎሜር ማጠር የእርጅና ምልክት ብቻ ሳይሆን፣ መስመር የሳተ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚያግድ ልጓምም ነው። ልጓምን መፍታት ጉልበት መጨመር አይደለም።

ምርመራው ዋጋ የለውም ማለትም አይደለም። ቴሎሜር በውርስ ከመጠን በላይ በሚያጥርባቸው፣ መቅኔንና ሳንባን በሚጎዱ ሕመሞች ለሐኪም ጠቃሚ መረጃ ይሰጣል። በጤነኞች ዘንድ ግን እኩል ዕድሜ ያላቸው ሰዎች የቴሎሜር ርዝመት በእጅጉ ይለያያል፤ አንድ ቁጥር የሰውን ዕድሜ ሊናገር አይችልም።

በባዕድ አገር የሚኖር ልጅ ለእናቱ ቫይታሚን መላኩ የፍቅር ልማድ ነው። ፍቅሩ የሚመሰገን ነው፤ ዕቃው ግን ይመርመር። ወጣትነትን በብልቃጥ የሚሸጥ ነጋዴ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ እንክብሉ ጤነኛውን ሕዋስ ብቻ እንጂ ለካንሰር ያዘነበለውንም እንደማያበረታ በምን ተረጋገጠ? መልሱ እስኪገኝ ድረስ ገንዘቡ ለእናቲቱ የሐኪም ምርመራ ቢውል ይበጃል።