ማህተሙ የህዝብ ነው



የባህር ዳር ነዋሪ መንግስትን የሚያውቀው በሚኒስትሩ ሳይሆን በቀበሌው ነው። የነዋሪነት መታወቂያው፣ የቤት ጉዳዩ፣ የድጋፍ ደብዳቤው ሁሉ በአንድ ፊርማና በአንድ ማህተም ያልፋል። በጣና ዳር ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሰሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችንም፣ ከተማው እየሰፋ ከሐይቁ ዳር ሲገፋቸው አቤት የሚሉት እዚሁ ቢሮ በር ላይ ቆመው ነው። ለደሃ ጠበቃው በትክክል የሚሰራ የመንግስት ሰራተኛ ነው።

ስለዚህ እኛ የቢሮ ስራን አንንቅም። በእስልምና ታሪክ ዲዋንን ያቋቋሙት ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ ናቸው። የህዝቡን ድርሻ በመዝገብ አስፍረዋል፤ የሚሾሙትን ሰው ሀብትም አስቀድመው ያስመዘግቡ ነበር። ስልጣን አማና ነውና፤ የተሸከመው ሰው በአላህ ፊት ይጠየቅበታል።

የሀገራችን ህግም ከዚህ አይርቅም። የ1987ቱ ህገ መንግስት በአንቀፅ 11 መንግስት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። በአንቀፅ 12 ደግሞ የመንግስት አሰራር ለህዝብ ግልፅ እንዲሆን፣ ሃላፊነቱን ያጓደለ ባለስልጣንም ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል።

ታዲያ መስከረም 27/2005 ምን ሆነ? ከጥር 2004 ጀምሮ ከአወሊያ የተነሳው ህዝበ ሙስሊም የመጅሊስ መሪዎቹን በመስጊዱ ለመምረጥ ጠየቀ። ምርጫው ግን በቀበሌ ተካሄደ። ልዩነቱ የአዳራሽ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ያስብ። በመስጊድ ሰውን የሚያውቀው ጀመዓው ነው። በቀበሌ ግን ዛሬ የመራጭ ስም የሚመዘግበው እጅ ነገ መታወቂያ የሚያድሰው እጅ ነው። ማንም ባያስፈራራው እንኳ ሰውዬው «ብቀር ምን ይደርስብኛል?» ብሎ ይሰጋል። በስጋት የተሰጠ ድምፅ ደግሞ ድምፅ አይባልም።

«ይህ የተደረገው ሰላም ለማስጠበቅ ነው» የሚሉን አሉ። ሰላም ማስጠበቅ የመንግስት ስራ መሆኑን እንቀበላለን። ለዚህ ግን ፖሊስ ከመስጊዱ ደጅ ቆሞ መጠበቁ ይበቃ ነበር። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ነገሩን ይረዱታል፤ የሰበካ ጉባኤያቸው ምርጫ በቀበሌ አዳራሽ ይሁን ቢባሉ ዝም አይሉም።

ከቢሮ ሰራተኛው ጋር ፀብ የለንም። ብዙዎቹ ወንድሞቻችን፣ እህቶቻችንና ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ከበላይ የመጣውን ትዕዛዝ የሚፈፅሙትም እንጀራቸውን ፈርተው ነው። እኛም የሚጠበቅብን አለ። አቤቱታችንን በፅሁፍ እናቅርብ፤ ቅጂውን ቀን አስፅፈን እንያዝ፤ የቃል መልስ ሲሰጠን በደብዳቤ ይሰጠን እንበል። ስድብና ግፊያ ውስጥ አንግባ። ጉቦም አንስጥ፤ ጉቦ የሰጠ ሰው የሚቀጥለውን ደሃ በር ዘግቶበት ነው የሚወጣው።

በመንግስት ቢሮ የምትሰሩ ሙስሊሞችም አማናችሁን ጠብቁ። ሙስሊም ስለሆነ ብቻ ወረፋ የምታስቀድሙለት ሰው ካለ፣ እኛ የምንታገለውን አድልዎ እናንተው ሰራችሁት ማለት ነው። ማህተሙ የፓርቲ አይደለም፤ የሹሙም የግል ንብረት አይደለም። ማህተሙ የህዝብ ነው፤ እስኪመለስልን ድረስ በሰላማዊ መንገድ እንጠይቃለን፣ ኢንሻአላህ።

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!