አሮጌ ጎማ የነጻ ዕቃ አይደለም

ከሞጆ በአዳማ አድርጎ ወደ መተሐራ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ነጋዴ የጎሚስታውን ደጅ ያውቀዋል። አብዛኛው የጅቡቲ ጭነት የሚመላለስበት መስመር ነውና የከባድ መኪና አሮጌ ጎማ እዚያ አይጠፋም። የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ አዳማ፣ ቢሾፍቱና ሻሸመኔ ከዘለቀ ወዲህ ደግሞ «ይህ ጎማ ተፈጭቶ የእግረኛ መንገድ ቢነጠፍበትስ?» የሚለው ሐሳብ ገንዘብ የያዘውን ሰው ማማለሉ አይቀርም።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ለጉልበት ይመቻል፣ ቢወድቁበትም አይሰብርም። ሒሳቡ ላይ ግን እንቀመጥ። ጎማው ተቆራርጦ ይፈጫል፤ ሽቦው በማግኔት፣ ክሩ በነፋስ ይለያል፤ ፍርፋሪው ፖሊዩሬቴን በሚባል ማጣበቂያ ተለውሶ በተጠቀጠቀ ጠጠር ወይም በኮንክሪት ላይ ይነጠፋል። መቶ ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ሜትር ስፋትና ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው መሄጃ በግምት ከ80 እስከ 100 የከባድ መኪና ጎማ ይፈጃል። ማጣበቂያውም ወደ ግማሽ ቶን ይጠጋል። እሱ ደግሞ የሚመጣው በዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም።

«ጥሬ ዕቃው በነጻ ነው» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ በረባሶ ሠሪውን ጠይቁ። የጋሪ ባለቤቱን፣ ጎማ የሚያድሰውንም ጨምሩ። ሁሉም ከዚያው ቁልል የሚኖሩ ናቸው። መፍጫ ሊተከል ነው የሚል ወሬ በተሰማ ማግስት ዋጋው እንደሚሰቀል ደግሞ ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሌላው ጣጣ ቦታው ነው። አዳማ በኮረብታ የተከበበች በመሆኗ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ደለል ይዞባት ይወርዳል፤ በበጋ ደግሞ አቧራና ነፋስ ነው። ውኃ የሚያሳልፈው የጎማ ንጣፍ ቀዳዳው በደለል ከተደፈነ ጥቅሙ ግማሹ ቀረ። ጥቁሩ ጎማ በፀሐይ ይግላል። ባጃጅና ጋሪ ከወጣበትም ይላጣል። ኮብልስቶን ለቧንቧ ሲቆፈር ተነቅሎ ተመልሶ ይደረደራል፤ የተቆረጠ ጎማ ግን ጠባሳው አይጠፋም። በዚህ ላይ ኮብልስቶን ለወጣቱ የእንጀራ ገመድ ሆኗል፤ ማዘጋጃ ቤት ይህን በቀላሉ አይተወውም።

እኔ ብሆን ዋናውን የእግረኛ መንገድ ለድንጋይ ትቼ፣ በሙቀት እየተጫነ ቁርጥ ቁርጥ ሆኖ የሚወጣውን ምንጣፍ እሠራለሁ። ለመዋዕለ ሕፃናት መጫወቻ፣ ለስፖርት ቤት፣ ለሐይቅ ዳር መናፈሻ፣ ለቢሾፍቱ የወተት ላም በረት ይሆናል። በቁራጭ የሚሸጥ ዕቃ የጨረታ ክፍያ አያስጠብቅም።

ልቅ ፍርፋሪ በሣር መሰል ሜዳ ላይ መበተንን ግን አልመክርም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ የዚህ ዓይነቱ ፍርፋሪ ሽያጭ ከ2031 ጀምሮ ይታገዳል፤ ዕቃውን እዚያ የማይፈልጉት ወደኛ በርካሽ ሊገፉት ይችላሉና።

ማሽን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ወር ሙሉ የጎሚስታዎችን ደጅ ዙሩ። አንዱ የከባድ መኪና ጎማ በስንት እንደሚሸጥ፣ ከመቶው ስንቱን በረባሶ ሠሪው ቀድሞ እንደሚወስድ በደብተር ጻፉ።