አንድነትና ኅብረት

«አንድነት» እና «ኅብረት» በልማድ እንደ አንድ ቃል ይነገራሉ፤ ትርጓሜያቸው ግን ልዩ ልዩ ነው። አንድነት ገባር ወንዝ ከታላቁ ወንዝ እንደሚገናኝ ነው፤ ከተገናኙ በኋላ ውኃው አይለይም። ኅብረት ግን እንደ ደቦ ነው፤ ሁሉም በአንድ ማሳ ያጭዳል፤ ማታ ወደየቤቱ ይገባል።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. 32 መንግሥታት በአዲስ አበባ ያቆሙት ማኅበር የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት ተባለ። ነገር ግን የጋናው መሪ ንክሩማ ያሳሰቡትን የአንድ መንግሥት አሳብ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፤ ቻርተሩም አንዱ በሌላው የውስጥ ጉዳይ እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ ስሙ አንድነት፣ ግብሩ ኅብረት ሆነ፤ በ1986 ዓ.ም. የሩዋንዳ ሕዝብ ሲታረድም ሊያድነው አልቻለም።

ሐምሌ 2 ቀን 1994 ዓ.ም. በደርባን የተተካው ማኅበር በቋንቋችን የአፍሪቃ ኅብረት ተብሎ በትሑት ስም ተጠራ፤ ሥልጣኑ ግን በለጠ። የማቋቋሚያው ሕግ 4ኛ አንቀጽ ዘር ማጥፋት በሚፈጸምበት አገር በጉባኤው ውሳኔ ጣልቃ እንዲገባ መብት ሰጥቶታልና። ሆኖም በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤቱ 5,000 ወታደሮች ወደ ቡሩንዲ እንዲላኩ ቢፈቅድ፣ በጥር የመሪዎቹ ጉባኤ ሳይቀበለው ቀረ።

እንግዲህ ጉድለቱ ከስሙ አይደለም። ወደ ደቦ የሚሄድ ሰው ማጭዱን ይዞ ይሄዳል፤ ባዶ እጁን የመጣ ግን ቢቈጠርም አያጭድም።