ፊደልና ድምፅ

የቋንቋ ጥናት መግቢያ የምንማር ሁሉ «ፎኒም ማለት የቃልን ፍች የሚለይ ድምፅ ነው» እያልን እንሸመድዳለን። ምሳሌ ስንጠየቅ ግን ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ እንቀዳለን። ስለ ምን?

«ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ያመለክታል። «ዋና» ላልቶ የዋናተኛው፣ ጠብቆ የአለቃው ነው። ጽሕፈቱ አንድ፣ ንባቡ ሁለት! በአንጻሩ ሀ፣ ሐ፣ ኀ በግዕዝ ልዩ ልዩ ድምፅ የነበራቸው ሲሆኑ ዛሬ በአማርኛ ሦስቱም አንድ ናቸው። ፊደልን ከፎኒም ጋር የሚያምታታ ተማሪ ይህን አይቶ ካልነቃ በምን ይነቃል?

ደግሞስ «ማጥበቅ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት የቆየ ሆኖ ሳለ «ጄሚኔሽን» እያልን መንተባተባችን ምን ይባላል? እኔ በበኩሌ በሚመጣው ፈተና ምሳሌዬን በ«ገና» እጽፋለሁ፤ ማርክ ቢቀነስብኝም እከራከራለሁ።