ከአጀንዳ ውጭ

ባለፈው ነሐሴ፣ በምዝገባ ሰሞን፣ አንድ እሑድ ጧት ከመካከላችን ሦስታችን ወላጆቻችንን ተክተን አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ት/ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተቀመጥን። «እናንተ ተምራችኋል፣ እናንተ ሂዱ፤ እኛማ ሄደን ምን እንላለን?» ተብለን ነው የተላክነው። ታናናሾቻችን የሚማሩበት፣ እኛም ፊደል የቆጠርንበት ግቢ ነው። ስሙን አንጠራም። ስሙ ቢቀየርም ስብሰባው አይቀየርምና፣ አንባቢ የራሱን ሰፈር ት/ቤት ስም ይተካበት።

አጀንዳው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፏል። 1ኛ/ የአጥር ግንባታ መዋጮ፤ 2ኛ/ የተማሪዎች ሥነ ምግባር፤ 3ኛ/ ልዩ ልዩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ አጥር ተወራ። የብሎኬት ዋጋ፣ የሲሚንቶ ዋጋ፣ የግንበኛ ዋጋ። ከዚያ ሥነ ምግባር ተባለና ወላጅ ተወቀሰ፤ ልጁን አይከታተልም፣ ደብተር አያይም፣ ሞባይል ሰጥቶ ይተኛል። ወላጅ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። የለመደው ነው።

«ልዩ ልዩ» ላይ ሲደረስ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ አንዲት እናት ተነሡ። «እኔ የምጠይቀው ስለ አጥር አይደለም» አሉ። «ልጄ ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ይገባል። ሰሞኑን የቤት ኪራይ ውል ሰጥቼ አንብብልኝ ብለው፣ ፊደሉን አንድ አንድ እየለቀመ ቆየና አለቀሰ። አምስት ዓመት ሙሉ በየጧቱ ስልከው፣ ይሄ ልጅ ማንበብ አይችልም ብሎ የሚነግረኝ ሰው እንዴት ጠፋ?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩና፣ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሱ ከአጀንዳ ውጭ ነው። ከክፍል ኃላፊው ጋር በግል ይነጋገሩ» አሉ። ስብሰባው በጭብጨባ ተዘጋ።

እኛስ? አንዳችን ሥነ ጽሑፍ፣ አንዳችን ታሪክ፣ አንዳችን ፍልስፍና የምናጠና ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምን አልን? ምንም አላልን። አጨበጨብን። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያን ጭብጨባ መመለስ ስላቃተን ነው።

እስቲ ቁጥሩን እናንሣ። በ2014 የትምህርት ዘመን 12ኛ ክፍልን የጨረሱት፣ በ2015 መግቢያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ፣ ከ890 ሺህ በላይ ከሆኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ት/ቤቶች ከሺህ በላይ መሆናቸውን የነገረን የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ነው።

«ኩረጃ ቀረ፣ እውነቱ ወጣ» ተባለ። ይሁን። ኩረጃ ይመለስ የሚል ከእኛ መካከል የለም። ግን ሚዛን ማስተካከል እህል አያበዛም! ሚዛኑ ሲስተካከል ጎተራው ባዶ መሆኑ ታየ። ከዚያስ? ጎተራው በማን እጅ ባዶ እንደሆነ ሳይጠየቅ ልጁ ብቻ «ወደቀ» ተባለ። ቋንቋ እናጠናለን ከተባለ ይህችን ግሥ እንመርምራት፤ ባለቤቷ ሁልጊዜ ልጁ ነው። ልጁ ወደቀ እንጂ «ጣልነው» የሚል እስካሁን አልሰማንም።

ደግሞስ ልጁ የወደቀው 12ኛ ክፍል ላይ ነው እንዴ? የዓለም ባንክ እንደሚለው በአገራችን ከ10 ዓመት ልጆች መካከል ከአሥሩ ዘጠኙ አንዲት ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። የ10 ዓመት ልጅ 4ኛ ክፍል ነው። ስለዚህ በ18 ዓመቱ «ወደቀ» የተባለው ልጅ የወደቀው ከስምንት ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ግን ማንም አላየውም። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ዘመን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ ከክፍል ክፍል እንዲያልፍ ተደርጓል። ሕፃን ልጅ ክፍል አለመድገሙ ክፉ ሐሳብ አይደለም። ክፉ የሆነው፣ ያልገባውን የሚያስይዘው ሰው ሳይመደብለት፣ ጉድለቱን ከነሸክሙ ወደሚቀጥለው መምህር ማስተላለፉ ነው። ያም መምህር ለቀጣዩ፣ ቀጣዩም ለቀጣዩ። ወላጅ እጅ የሚገባው ካርድ ደግሞ «ከ62 ተማሪ 14ኛ» ይላል። «ማንበብ ይችላል ወይስ አይችልም» የሚል መስመር የለውም። እኒያ እናት 14ኛ የሚለውን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ለልጃቸው ጫማ ገዝተው ይሆናል።

አሁን የተለመዱትን መልሶች አንድ ባንድ እንያቸው።

«ወላጅ አይከታተልም» ይባላል። ኧረ ተዉ! ሌሊት 10 ሰዓት ምጣድ የጣደች እናት በእሑድ ዕረፍቷ መጥታ ከ200 ሰው ፊት ቆማ ስትጠይቅ፣ ክትትል ማለት ከዚህ ሌላ ምንድነው? ያልተማረ ወላጅ በምን ዓይኑ ደብተር ያያል? ለዚህ እኮ ነው ልጁን ወደ ተማረ ሰው የላከው። የልጅ ትምህርት በወላጅ መማር ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ ት/ቤት የተከፈተው የተማረ ሰው ልጅ ብቻ እንዲማር ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ በግልጽ ይነገረን።

«ጥፋቱ የመምህሩ ነው» የሚሉም አሉ። ይህን ደግሞ አንቀበልም። 60 ልጅ ፊት አንድ ሰው አቁሞ፣ ደመወዙ ከወር ወር እንዳያደርሰው እያወቁ፣ እያንዳንዱን ልጅ አስነብብ ማለት ቀልድ ነው። በ2015 እና በ2016 በደቡቡ የአገራችን ክፍል በሚገኙ አንዳንድ ወረዳዎች መምህራን ደመወዝ በጊዜ ሳይከፈላቸው ወራት አሳልፈዋል። እዚህ ግቢ ውስጥ እንኳ መምህርነትን የሚመርጥ ጓደኛችንን «ሌላ አጣህ እንዴ?» ብለን የምንጠይቅ እኛው አይደለንም? መምህርና ወላጅ በየስብሰባው ፊት ለፊት ተፋጠው እርስ በርስ ይካሰሳሉ። ሁለቱም የተጎዱ ናቸው፤ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው እንዲቀመጡ ያደረጋቸው ግን ሦስተኛ ወገን ነው።

«ገንዘብ የለም» የሚለው ሦስተኛው መልስ ነው። እውነቱን ለመናገር የተሠራውን ሠርቷል እንላለን። ከ2012 ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ት/ቤቶች ተማሪዎች ይመገባሉ፤ ደብተርና የደንብ ልብስም ተሰጥቷል። ርቦት ጠረጴዛ ላይ የሚደፋ ልጅ አብሮን ተምሯልና የዚህን ዋጋ እናውቃለን። በ2015 ማብቂያ «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ ሕዝቡ ከገጠር እስከ ከተማ ገንዘቡንም ጉልበቱንም አዋጥቶ ክፍሎች ተሠርተዋል፣ ተጠግነዋል። መልካም። ግን የበላ ልጅ ይማር እንጂ! የታደሰ ክፍል ውስጥ ንባብ ይኑር እንጂ! ደግሞስ ልጁ ማንበብ አለመቻሉን ለእናቱ መንገር ስንት ብር ይፈጃል?

እዚህ ላይ ስለ መዋጮ አንድ ነገር እንበል። በዕድራችን በየወሩ የሚያዋጣ ሰው ሒሳብ ይሰማል፣ ይከራከራል፣ ካልጣመውም ዳኛውን ያወርዳል። ፊደል ያልቆጠሩ አባትና እናቶች ሣጥንና ድንኳን፣ ገንዘብና ቃለ ጉባዔ ለዓመታት ያስተዳድራሉ። እነዚሁ ሰዎች የት/ቤቱን በር ሲያልፉ ምን ነክቷቸው «የማይገባቸው» ይሆናሉ? በዕድሩ ባለቤት፣ በት/ቤቱ ደረሰኝ ተቀባይ! ወላጅ፣ ተማሪና መምህር የሚገናኙበት ኅብረት በየት/ቤቱ በወረቀት ላይ አለ። ለመሆኑ በሰፈራችሁ ት/ቤት የኅብረቱ አባላት እነማን ናቸው? ማን መረጣቸው? እኛም ከዚያ እሑድ በፊት አናውቅም ነበር።

ወላጅ ከአጀንዳ ውጭ ሲሆን ምን እንደሚከተል ታሪካችን ያውቃል። በ1964 «ሴክተር ሪቪው» የተባለ የትምህርት ጥናት ተካሄደ። ያጠኑት የውጭና የአገር ውስጥ ምሁራን ነበሩ። ትምህርትን ለብዙኃኑ፣ በተለይም ለገጠሩ ለማዳረስ ያለመ ስለነበር በቅንነት የደከሙበት ሰዎች እንደነበሩ አንክድም። ነገር ግን ለአብዛኛው ልጅ የአራት ዓመት ትምህርት በቂ ነው የሚል መንገድ የሚጠርገው ይኸው ጥናት፣ ከወላጅና ከመምህር ጋር ሳይመከርበት ተያዘ። ወላጅ ወሬውን ሲሰማ የተረዳው አንድ ነገር ነው፤ የድኻ ልጅ 4ኛ ክፍል ላይ ሊቆም ነው! የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን ታክሲ ነጂዎችም በቤንዚን ዋጋ ሳቢያ መኪናቸውን አቆሙ። ዕቅዱ ታገደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ለእኛ ትምህርቱ ይህ ነው፤ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ የልጁ ነገር በጓሮ የተወሰነበት ወላጅ ዕቅዱን የእኔ ነው አይልም።

ዛሬስ? በ2010 ማብቂያ ፍኖተ ካርታ ለውይይት ቀረበ፤ ከዚያም ስድስት፣ ሁለት፣ አራት የሚል የክፍል አከፋፈልና አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጣ። ዝርዝሩ በወፍራም ጥራዝ ተጽፏል። እኒያ እናት ጆሮ የደረሰው ግን «6ኛ ክፍልም ፈተና አለ» የምትለው ወሬ ብቻ ናት። ልጃቸው ዘንድሮ በዚያ ፈተና ፊት ይቀርባል። ጥያቄውን ማንበብ የማይችል ልጅ መልሱን ከየት ያመጣል? ያን ጊዜም «ወደቀ» ይባላል።

ይህን ስንል አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠን እንደምንናገር አልዘነጋንም። በኮሮናው ወቅት የተዘጉት የትግራይ ት/ቤቶች በጦርነቱ ሳቢያ ዓመታት ሳይከፈቱ ቆይተዋል። በአማራ ክልል ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ወጥተዋል። እዚያ የወላጅ ጥያቄ «ልጄ ያነባል ወይ?» ሳይሆን «ልጄ ሄዶ ይመለሳል ወይ?» ነው። የእኛን ጥያቄ መጠየቅ መቻል ራሱ ዕድል ነው። ዕድሉን ይዞ ዝም ማለት ግን ያው እንደ ማጨብጨብ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን። ይህችን መጽሔት የምንሞላት በምንድነው? ስለ ድኻ ዓይን ግጥም ጽፈናል፤ ስለ እናት እጅ ጽፈናል፤ ስለ ሊስትሮ ልጅ የተጻፈው ብቻ አንድ ጥራዝ ይወጣዋል። ዓይናቸውንና እጃቸውን ገጠምን እንጂ አፋቸውን ከፍተው ሲናገሩ አብረን አልቆምንም። እኛ ከመቶ ጥቂቶቹ ነን። ወንፊቱ ያሳለፈን ስለሆንን ወንፊቱ ልክ ይመስለናል። አንዳንዳችንማ «እኛም እዚያው ተምረን አልፈን የለም ወይ?» እንላለን። አብሮን 1ኛ ክፍል የገባው ጎረቤታችን ዛሬ የት እንዳለ እስቲ እንጠይቅ።

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየት/ቤቱ የወላጆች ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ ንባብ ይሁን፤ ስንት ልጅ ያነባል፣ ስንቱ አያነብም፣ ለማያነበው ምን ታስቧል? አጥሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ከመንግሥት የመጣውና ከወላጅ የተዋጣው ገንዘብ ሒሳብ ማንም ሰው ገብቶ ሊያየው በሚችል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ ወላጅና መምህር መካሰሱን ትተው፣ የመምህሩን ደመወዝና የክፍሉን ብዛት ጥያቄ አብረው ይዘው ይቅረቡ። ከእኛ የሚጠበቀው ደግሞ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደ ተማርንበት ት/ቤት እንሂድ። ንግግር ለማድረግ አይደለም። ስብሰባ ላይ ቁጭ ብለን፣ አንዲት እናት ስትነሣ ሁለተኛ ሆነን እንድንነሣ ነው። ከስብሰባም በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ልጅ ማስነበብ ዲግሪ አይጠይቅም።

ያን ዕለት በር ላይ ደርሰንባቸው ይቅርታ ጠየቅናቸው። እናትየዋ አልተቆጡም። «የኔ ልጆች፣ ከሆነስ ይቺን አንብቡልኝ» ብለው ውሉን ከጉያቸው አወጡ። አነበብነው። የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይከፈላል ይላል። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን አይፈቅድም። አዋጁ እሳቸውን ለመጠበቅ የወጣ ነበር፤ የሚያነብላቸው ሰው ግን በቤታቸው አልነበረም። የውሉ ግርጌ ላይ አውራ ጣታቸው አርፎበታል። ልጁ ሲያለቅስ እሱን ለማባበል ብለው ነው የፈረሙት።

ወገኖቻችን፣ ከአጀንዳ ውጭ የተባለው ይህ ነው። እኛ ደግሞ አጀንዳው እሱ ነው እንላለን!